ነዳጁ ይተኛ

ደጀን የቦቴውን ነዳጅ ሰመራ ማደያ አራግፎ፣ እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ገባ። ናፍጣው እንዳይሸት ብሎ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ልጁ ለተማርያም ከፊት ቆማለች። የመመረቂያ ሥራዋ ሳተላይት የሚያደርስ የሮኬት የላይኛው ክፍል ነው፤ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ፣ ሕዋ ላይ ጠፍቶ እንደገና የሚነሳ ሞተር ያለው። ባለፈው ወር እዚሁ ቆማ ሳለ አንድ ጥያቄ አፏን አስይዟት ነበር። ዛሬም ካቃታት ምርቃቷ ለከርሞ ይተላለፋል።

ትናንት ከአዋሽ አብረው ነው የመጡት። ገዋኔ ላይ ግማሹን ነዳጅ አራግፈው እንደወጡ ግመሎች መንገድ ዘጉባቸውና ደጀን ፍሬን ያዘ። መኪናው ከቆመ በኋላ የቀረው ነዳጅ ከኋላ መጥቶ ወደፊት ገፋቸው። ግመሎቹ አልፈውም ደጀን አልተንቀሳቀሰም።

"አባ፣ ምን ትጠብቃለህ?"

"ነዳጁ ይተኛ እንጂ። እየተናጠ ነዳጅ መስጫውን ከረገጥሽው ይጥልሻል። መጀመሪያ መኪናውን ቀስ ብለሽ ወደ ፊት ገፋ አድርገሽ ነዳጁን ወደ ኋላ ታስተኚዋለሽ፤ ከዚያ ነው የምትረግጪው።"

ደብተሯን አወጣች። ሰመራ እስኪደርሱ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። የተቀየመችው መስሎት ነበር።

ፈታኙ ዶክተር አብራር መነጽሩን ከፍ አደረገ።

"ያው የባለፈው ጥያቄ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ነዳጁ ታንከሩ ውስጥ ይንሳፈፋል። ቱቦው ባዶውን ከሳበ ሞተርሽ በምን ይነሳል?"

ለተማርያም ወደ መጨረሻው ወንበር አየች። ደጀን ጉልበቱን ጨመቀ።

"መጀመሪያ ነዳጁ ይተኛል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከዋናው ሞተር ጎን ያሉት ትንንሽ ሞተሮች ለጥቂት ሰከንድ ገፋ ያደርጉናል። ነዳጁ ወደ ኋላ ሄዶ ቱቦው አፍ ላይ ይተኛል። ዋናው ሞተር የሚነሳው ከዚያ ነው።"

ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። አብራር እስከ መጨረሻው መስመር ተከተላት።

"ልክ ነው። አልፈሻል። 'ይተኛል' የሚለውን ግን የትኛው መጽሐፍ ላይ አገኘሽው?"

"የአባቴ ቦቴ ላይ።"

አዳራሹ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወደ መጨረሻው ወንበር አመለከተች። "ያውና፣ እዚያ ነው።"

"ጋሼ፣ እስቲ ወደዚህ ይምጡ" አለ አብራር።

"ኧረ ይቅርብኝ፣ ናፍጣ ናፍጣ እሸታለሁ።"

"የተሰበሰብነውስ ስለ ነዳጅ አይደል?" ብሎ ወንበር ሳበለት።

ደጀን ተነሳ። ግን ወዲያው አልተራመደም። ደረቱ ውስጥ የሚናጠው ነገር እስኪተኛ ትንሽ ጠበቀ።