የቡሬ ነውር

መሊካ የባለቤቴ የእህት ልጅ ናት። ኮሌጅ ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አጣች። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ፓስፖርቷን ወደ ጅዳ ሰው ለሚልክ ደላላ አስረክባ መጣችና ምሳ ላይ ነገረችኝ። አልጮህኩባትም። «መቼ ነው?» ብቻ አልኳት።

«ረመዳን ሳይገባ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል። እስከዚያ ግን እትዬ፣ አንድ ነገር ልሞክር። በፌስቡክ ቅቤ ልሽጥ።»

«ቅቤ በፌስቡክ?»

«አዲስ አበባ እኮ ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ነው የሚበሉት። የጨፋን ቅቤ ቢያገኙ እጃቸውን ይቆረጥማሉ። ገዢ ካገኘሁ እቀራለሁ። ካጣሁ ግን አትከልክይኝ። ማስታወቂያውን አንቺ ጻፊልኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለምንድን ነው ታዲያ?»

ባለቤቴ ሙህዲን ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። ስለዚህ ጻፍኩ።

ችግሩ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ስጽፍ ኖሬ እጄ ሌላ ነገር አያውቅም። «በጨፋ ሸለቆ አርሶ አደሮች የተመረተ፣ ጥራቱን የጠበቀና የተጠቃሚውን ፍላጎት ያማከለ ለጋ ቅቤ በበቂ መጠን ቀርቧል» አልኩ። መሊካ ተነስታ ቆመች፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ዜና አንባቢ አነበበችው።

«እትዬ፣ ይሄ ቅቤ ነው ወይስ ማዳበሪያ?»

ሌላ ስላልነበረን እሱኑ ለጠፈችው። በሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ወደደው። አሥሩ የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ያዘዘ ሰው አልነበረም።

«ሰው ታሪክ ነው የሚገዛው» አለችኝ ስልኳን እያገላበጠች። ቀጥሎ የመጣውን ለማለት ትንሽ ፈራች። «ስለ አጎቴ ጻፊ። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ የጨፋ ቅቤ አምጡልኝ ይል እንደነበር። ሰው ያለቅሳል፤ ካለቀሰ ደግሞ ይገዛል።»

«እሱ አይሸጥም» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ ማለቴ…»

«ገብቶኛል የኔ ልጅ። ሌላ እናስብ።»

ሳህኖቹን አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ያንን ነገር ደግማ አላነሳችውም፤ እስከ ዛሬም አላነሳችውም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ባጃጅ ይዘን ቅቤው የሚመጣበት መንደር ወረድን። ቅቤውን የሚያገኙልን አዴ ረቢአ ናቸው፤ የመንደሩ ሴቶች የናጡትን ሁሉ እሳቸው ቀምሰው፣ አሽትተው ነው የሚቀበሉት። እሳቸው እንቢ ያሉት ቅቤ ከዚያ መንደር አይወጣም። በረታቸው ደጃፍ ላይ ቡሬ የምትባል ዥንጉርጉር ላም ቆማ ነበር። መሊካ ፎቶ አነሳቻት። እኔም ቤት ስመለስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሪፖርት የወጣ ነገር ጻፍኩ፤ «ይህቺ ቡሬ ናት። ጠዋት ብቻ አራት ሊትር ትታለባለች። ጨፋ ውስጥ እንደሷ ያለች ላም የለችም። ጎረቤት ሁሉ ይቀናባታል» ብዬ።

በሦስት ቀን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰው ወደዳት። ሃያ ስድስት ትእዛዝ መጣ። መሊካ ከክፍል ክፍል እየዘለለች ስልኩን ልታሳየኝ ትሮጥ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቅቤ ልታመጣ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። አዴ ረቢአ በሩን አልከፈቱላትም። የመንደሩ ሴቶችም ቢሆኑ የሳቸውን ፊት አይተው ከለከሏት። አዲስ አበባ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ጀይሉ ደውሎ «ላምሽ ታዋቂ ሆነች» ብሏቸው ኖሯል። ስልኩን በዘጉ ማግስት ቡሬ ወተት ነሳች።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከሚሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው የሰው ላም ሳይ፣ ዓይን እንዳይገባባት፣ ማሻአላህ ሳልል አላልፍም፤ ስንት ትታለባለች ብዬም አልጠይቅም፤ ሕፃን ልጅ ይህን ያውቃል። በአፌ ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ማሻአላህ ከምላሴ ይቀድም ነበር። በጽሑፍ ግን ረሳሁት። እጄ ሲጽፍ መናገሩ አልመሰለኝም።

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ሄድኩ። መሊካ ከኋላዬ ተደብቃ ገባች።

«አካም ቡልተን፣ አዴ?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

ለሰላምታዬ «ነጋ» ብለው ደህና መሆናቸውን እንኳ አልመለሱልኝም። «ስንት ሰው አያት?»

መሊካ ከጀርባዬ ሆና «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አራት ሺህ ስድስት መቶ ዓይን!»

«አንድ ዓይና ከሌለበት ነው እንግዲህ» ስትል በክርኔ ጎሸምኳት።

«ዝም በይ አንቺ! አንቺ እንኳ ልጅ ነሽ።» ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ግን ዓፊያ፣ የተማርሽ ሴት! ባቲ ገበያ ግመል የሚሸጥ ሰው እንኳ የግመሉን ነውር ተናግሮ ነው የሚሸጥ። የሰው ላም እንዲህ ይታወጃል? ጎረቤት ይቀናባታል አልሽ? እዚህ ማን ቀንቶ ያውቃል? አሁን ነው የሚቀኑት!»

«አጥፍቻለሁ፤ አፉ በሉኝ። ምን ላድርግ?»

አዴ ረቢአ ቡሬን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ በርጩማ ሳቡልኝ።

«አርክሻት» አሉ። «ያወጅሻት በጽሑፍ ነው፤ በጽሑፍ አርክሻት። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ጻፊ። ቃል ትጨምሪና ወዮልሽ!»

ደብተሬን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። መሊካ የገዢዎቿን ሽሽት ከወዲሁ እያየች ፊቷ ገረጣ። እኔም ተስፋ አልነበረኝም፤ ላሚቱን ካላረከስናት ቅቤ የለም፣ ካረከስናት ደግሞ የሚገዛ የለም ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጽሑፉም ይህ ነበር፦

«የቡሬ ነውር። ስትታለብ ትራገጣለች። አጥር ጥሳ የሰው ማሽላ ትበላለች። አንድ ቀንዷ ሰባራ ነው። ወተቷ ከሌሎች ላሞች ወተት አይበልጥም፤ የበለጠ የተባለው ውሸት ነው። ቅቤዋ በበጋ ነጣ ይላል። ቅሉ በወይራ ስለሚታጠን ጢስ ጢስ ይላል፤ ጢስ የማይወድ አይግዛ። አገራችን ሞቃት ስለሆነ መንገድ ላይ ሊቀልጥ ይችላል። ሙዝ አልገባበትም፤ ሙዝ ብናገኝ እኛው እንበላዋለን። ለማዘዝ የሚፈልግ አስቀድሞ ማሻአላህ ይበል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «እሷን አድምቂያት» አሉ።

መሊካ ዓይኗን ጨፍና ለጠፈችው።

ከአዳማ አንዲት ሴት በመጀመሪያው ሰዓት ጻፈች፤ «ማሻአላህ። የእኔም ባል ይራገጣል። ሁለት ኪሎ ላኩልኝ።» ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበረውም። ሰው ለሰው አጋራው። ከደብረ ብርሃን አንድ ሰው «እግዚአብሔር ይጠብቃት፤ አንድ ኪሎ» ብሎ ላከ። ይህ ይቆጠር እንደሆነ መሊካ አዴ ረቢአን በስልክ ጠየቀች።

«እሱም ዱዓ ነው፤ ይቆጠራል» አሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለሱ ከቡሬ እንልክለታለን።»

የቡሬ ወተት በዚያው ሳምንት ተመለሰ። ምክንያቱን አላውቅም፤ አዴ ረቢአ ግን ያውቃሉ።

ረመዳን ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ደላላው ደወለ። ሳሎናችን ወለሉ ድረስ የኮባ ቅጠል ነበር። መሊካ እስከ ክርኗ ቅቤ በቅቤ ሆና ለማታው አውቶቡስ የሚጫነውን እየጠቀለለች ነበር። ስልኩን መንካት ስላልቻለች ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት።

«አልሄድም» አለችው። «አዎ፣ ቁርጤ ነው… ምን ጨነቀህ አንተ? ፓስፖርቴን ሰኞ መጥቼ እወስዳለሁ።»

ስልኩን ከጆሮዋ አንስቼ አጠፋሁት። ዓይኔን በሻሼ ጫፍ ጠረግሁ። እሷም ቀና ብላ አላየችኝም፤ እንዳላፍር ብላ ይመስለኛል።

«ይሄ የማን ነው፣ እትዬ?» አለችኝ አንዱን ጥቅል ከፍ አድርጋ።

«የአዳማዋ ሴት። አሁንም ሁለት ኪሎ» አልኳት፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬም ቅጠል ማበስ ጀመርኩ።