አሥራ አንደኛው ዓመት

ጥያቄውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው!

ሲግናል አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ማክሰኞ ዕለት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ፣ የእንግሊዝ መኳንንት የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ንጉሣቸውን አስገድደው ሥልጣኑን በሚገድብ ሰነድ ላይ ማኅተሙን እንዳስመቱት ነገርኳቸው። ቀጥዬም «እኛስ አገር ሥልጣን በምን ይገደብ ነበር?» አልኩ።

ኢፍቱ እጇን አወጣች። ቤተሰቦቿ ከእንጦጦ ሥር፣ ተራራው ላይ ያለው ፓርክ ሳይሠራ ብዙ ዘመን ቀድመው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው።

«አያቴ እንደነገሩኝ በገዳ አንድ ሰው የሚመራው ስምንት ዓመት ብቻ ነው። ሲሞላው ያስረክባል። ከዚያ በፊት ካጠፋም ጉባኤው ይሽረዋል። ስምንት ዓመት አልፎትም አልወርድ የሚል ሰው ሕግ አፍራሽ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ዳይሬክተራችን አቶ ሕሩይ ከኋላ በኩል በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ወንበሩን ከያዙ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ዓመታቸው ነው። ኢፍቱ አላየቻቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ወላጅ ተጠራ። አያቷ ኦቦ ቱሉ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ኢፍቱን አስከትለው እኔም ወደተጠራሁበት የዳይሬክተሩ ቢሮ መጡ። ጠረጴዛው ላይ፣ ኢፍቱ ዳይሬክተሩን ሰድባለች የሚል የማባረሪያ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ልጅቷ ልትባረር ነው። የእኔም ኮንትራት የሚታደሰው በአቶ ሕሩይ ፊርማ ነው፤ የማሳድጋቸው ሁለት ልጆች አሉኝ።

«ሔራን፣ ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ?» አሉኝ አቶ ሕሩይ።

አዎ ካልኩ ሥራዬ አለቀለት። አይደለሁም ካልኩ ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች።

ኢፍቱ ቀደመችኝ። «ቲቸር የለችበትም። የነገሩኝ አያቴ ናቸው።»

እፎይ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስታድነኝ እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ እፍረቱ ፊቴን አቃጠለው።

ኦቦ ቱሉ ከወንበራቸው ተነሱ። «ጌታዬ፣ እኛ ጋ የተከሰሰ ሰው ሳይናገር አይፈረድበትም። ልጅቷን ለምን አይጠይቋትም?»

«እዚህ ግቢ ውስጥ የምወስነው እኔ ነኝ፣ አባባ» አሉ አቶ ሕሩይና እስክሪብቷቸውን አነሱ።

«በሕግ አምላክ!»

ድምፁ የእኔ መሆኑ የገባኝ ሦስቱም ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው። ድሮ ይህ ቃል ሲጠራ ዱላ ያነሳ እጅ እንኳ ባለበት ይቆም ነበር ይባላል፤ ባለሥልጣንም ቢሆን። አቶ ሕሩይም ቃሉን እየሰሙ ካደጉት ናቸው መሰለኝ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ ቆመ። ለራሳቸውም ገርሟቸው እጃቸውን አዩት።

«ምን አልሽ?»

«ልጅቷ አልተሰማችም። ሳትሰማ አይፈረም።»

«ኮንትራትሽ ሐምሌ ላይ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» ሄጄ ከኢፍቱ ጎን ቆምኩ። «ተናገሪ፣ የኔ ልጅ።»