ንጋት የምትባለው ሴት

«ቀዩን ደብተር ብቻ ቢሰጡኝ ይበቃኛል፣ እትዬ» አለ ኩዋታ፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ። «ሌላ ሰው ሳያየው።»

ኪኑኤ ሻይ ቀዳችለት። የባሏ የኢሳኦ አስከሬን ተቃጥሎ የተረፈው አጽም ያለበት ነጭ ሣጥን ከፎቶግራፉ ሥር ከተቀመጠ አራተኛ ቀኑ ነው። የኪዮቶ ለቀስተኛ ሁሉ እጁን አጋጥሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሄዷል። ይህ የባሏ ተማሪ ግን ሲመላለስ ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ የሚጠይቀው ቀዩን ደብተር ነው።

የባሏ እህት ቶሚኮ ጠጋ ብላ «አልነገርኩሽም?» አለቻት በሹክሹክታ።

ነግራታለች። አስከሬኑ በተቃጠለ ማግስት ሁለቱ ሆነው የሟቹን የቀን ማስታወሻ ከፍተው ነበር። ኢሳኦ አርባ ዓመት የቻይና ተውኔት ሲመረምርና ሲተረጉም፣ ኪኑኤ የመጻሕፍቱን አቧራ ከመጥረግ አልፋ አታውቅም። ማስታወሻው ላይ ግን ንጋት ተብላ የምትነበብ አንዲት የቻይና ፊደል ትመላለሳለች። «ንጋት ዛሬ ተቆጣች።» «ንጋት አለቀሰች፤ እኔም ጻፍኩ።»

«የሴት ስም ነው» ብላ ነበር ቶሚኮ። «ቤጂንግ በየዓመቱ የሚመላለሰው ለመጽሐፍ ብቻ መሰለሽ?»

ታልቅስለት ወይስ ትርገመው? ኪኑኤ ይህን ሳታውቅ አንዲት ዘለላ እንባ ላታፈስ ወስናለች። ለመክፈት ፈርታ የደበቀችውን ቀዩን ደብተር ከጉያዋ አወጣች።

«እዚሁ አንብብልኝ። ንጋት የምትለውን ሁሉ።»

ኩዋታን ላብ አጠመቀው። «ንጋት እኮ ሰው አይደለችም፣ እትዬ። በቻይና ተውኔት ሴት ገጸ ባሕርይ ልትናገር ስትል መስመሩ መጀመሪያ ላይ የምትቀመጥ ፊደል ናት።»

«ጥሩ መሸፋፈኛ!» አለች ቶሚኮ።

«አንብብ» አለች ኪኑኤ።

«ንጋት፦ ‹ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንኳ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አንተ እዚሁ ተቀምጠህ የለህም።›»

የኪኑኤ እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ። ይህን ያለችው ራሷ ናት፤ ልጃቸውን በዳሩ ማግስት፣ እራት ላይ። ኢሳኦ መልስ ሳይሰጥ ብድግ ብሎ ወደ ጥናት ክፍሉ ገባ። ሸሸኝ ብላ ሳምንት ሙሉ አኩርፋዋለች።

«የተውኔቱ ቻይናዊት በጃፓንኛ ስትናገር መጽሐፍ መጽሐፍ ትላለች፤ የባለቤቴን አፍ ካልተዋስኩ ነፍስ አትዘራም ይሉ ነበር መምህሬ» አለ ኩዋታ። «‹ካወቀች ግን ቃል እየመረጠች ታወራለች› ብለው አስምለውኛል።»

ቶሚኮ አንገቷን አስግጋ ደብተሩን አየች።

«ንጋት፦ ‹ሾርባው እንደ አንተ ቀዝቅዟል።›»

«ቆይ!» ኪኑኤ ደብተሩን ነጠቀችው። የባሏን ቀይ እርሳስ ከጠረጴዛው አንስታ ‹ሾርባው› የሚለውን ሰረዘችና ‹ሩዙ› ብላ ጻፈች።

«መቼ ታዳምጣለህ አንተ!» አለች ወደ ፎቶግራፉ ዞራ። እንባዋ ገጹ ላይ ወረደ።

ደብተሩን ለኩዋታ መለሰችለት፤ እርሳሱን ግን አልለቀቀችም።

«ቀጥል» አለችው።