ወንድ ነው ሴት?

ልብስ ሰፊ የራሷን ቀሚስ ስታሰፋ መያዝ የለባትም። እሷ ግን ተያዘች። ወገቡ አልገባ ያላትን ቀሚስ ፈትታ ከጎኑ ቁራጭ ጨርቅ ስትቀጥልበት አማቷ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ቀሚሱን አዩ፣ ሆዷን አዩ፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

«እኔኮ ጠርጥሬ ነበር! እርጉዝ ነሽ!» ብለው እስክትታፈን ድረስ አቅፈው ሳሟት።

«አይደለሁም» ማለት አንድ ቃል ነበር። አላለችም። አይደለሁም ብትል «ታዲያ ምንድን ነው?» ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ሳታገባ በፊት በዕጢ ምክንያት ማህፀኗ መውጣቱ ይመጣል። ባሏን «ጠባሳው የትርፍ አንጀት ነው» ብላ ነው ያገባችው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበደ፣ ያውም በሆዷ።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። የሰው ቤት ሲቀባ ውሎ ይመጣና ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ትንሿን ክፍል ይቀባ ጀመር። «ቢጫ ለወንድም ለሴትም ይሆናል» ይላል። እሷ በሩ ላይ ቆማ «ያምራል» ትልና ፊቷ በእፍረት ሲግል ወደ ማድቤት ትገባለች። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ሲላት «ሄጄ መጣሁ፣ ደህና ነው» ትለዋለች። ሆዷ ውስጥ ያለውን ነገር ሳታውቅ፣ መታወቁን ፈራች። ሰው ከሞት ይልቅ እፍረትን ሲፈራ ማየት ያናድዳል፤ ግን እንዲህ ነን።

አንድ ቀን ስፌት ላይ ሳለች ሆዷን ቆርጦ ያዛት። ባሏ ቀለም በተረጨበት ቱታው መጥቶ ሆስፒታል ወሰዳት። አማቷም ተከትለው መጥተው ከበሩ ውጭ ተቀመጡ።

ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን እጀታ ሆዷ ላይ ታንሸራትት ጀመረች። ባሏ አላስችል አለው።

«ዶክተር፣ ወንድ ነው ሴት?»

ሐኪሟ ግራ ገብቷት ወደ ታካሚዋ ዞረች። «እህቴ፣ ማህፀንሽ ወጥቷል አይደል? መቼ ነው የወጣው?»

«ሳላገባ በፊት» አለች። ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳች። ያኔ ዕጢው ተቆራርጦ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ፍርፋሪው ሆዷ ውስጥ ቀርቶ አድጎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ነገር ነው። ክፉ ዕጢ አይመስልም፤ ግን በቀዶ ሕክምና ወጥቶ መመርመር አለበት።

ባሏ ጣቱ ላይ የደረቀውን ቢጫ ቀለም በጥፍሩ ሲፍቅ ቆየ። ከዚያ ወጣ።

ልብሷን ለበሰች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በሩን ስትከፍት እናትና ልጅ ፊት ለፊት ቆመዋል።

«ማህፀን ሳይኖራት?» ይላሉ አማቷ። «አታላሃለች በለኛ!»

«አላታለለችኝም። ሳንጋባ ነግራኛለች» አለ ባሏ። «ደስታሽን ሳይ እውነቱን መናገር ያቃተኝ እኔ ነኝ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

በጥፊ አሉት። እዚያ ኮሪደር ላይ፣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እያየ፣ ያን የሚያክል ጎልማሳ! እሱ ጉንጩን እንኳ አልዳሰሰም። ቢመታት፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«እማማ» አለች። «ውሸታሟ እኔ ነኝ። እሱ የሰማው ገና አሁን ነው።»

አማቷ ልጃቸውን የመቱበትን እጅ ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ባሏ አሁንም አላያትም። ቀዶ ሕክምናው መቼ እንደሚሆን ነርሷን ሊጠይቅ ሄደ።