እመት አፍንጫ ያሳለፈችው አይብ

ሽታ ከጠፋባት ሃያ ቀን ሆኗት ነበር። ጉንፋኑ መጣና ሄደ፤ ሲሄድ ግን አፍንጫዋን ይዞባት ሄደ። የሌላ ሰው አፍንጫ ቢሆን ማን ይጨነቅለት ነበር? የእሷ ግን የአይብ ቤቱ ምሰሶ ነው። ደንበኞቹ ስሟን ትተው «እመት አፍንጫ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ ወተቱን ያረጋል፣ የረጋውን ይቆራርጣል፣ ክብደት ይጭንበታል፣ ጨው ውሃ ውስጥ ይነክራል። እሷ ደግሞ ምድር ቤት መደርደሪያ ላይ ወራት የከረመውን ክብ አይብ በቀጭን ብረት ትወጋውና፣ ብረቱ ይዞት የወጣውን ቁራጭ አሽትታ «ይለፍ» ወይም «ይጣል» ትላለች። የለውዝና የደረቅ ሣር ሽታ ያለው ያልፋል፤ እርጥብ ጨርቅ እርጥብ ጨርቅ የሚለው ይጣላል። በሃያ ሰባት ዓመት አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ለወንድሜ ልንገረው አልንገረው ስትል ቀኑ ነጎደ። በየጠዋቱ ሽንኩርት ቆርጣ ታሸታለች፣ ኮምጣጤ ታሸታለች፤ ምንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷም ይህን ለሰው ስትመክር የኖረች ሴት ናት። ግን ደበቀችው። እንደ ወትሮው ዓይኗን ጨፍና ብረቱን አፍንጫዋ ስር እያስጠጋች፣ በጣቷና በመልኩ ብቻ እየገመተች «ይለፍ» ስትል ሰነበተች።

ዛሬ ጠዋት ወንድሟ ለሁለት የተገመሰ አይብ ከፊቱ አርቆ ይዞ ከምድር ቤት ወጣ።

«እታለም፣ ይሄን ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ?» አላት እየሳቀ። «ለጌጥ የተሰጠኝ የኔ አፍንጫ እንኳ ሊወድቅ ደረሰ።»

ጠጋ ብላ አየችው። መሀሉ አብጦ ተሰነጣጥቋል። አሸተተችው። ምንም።

«ከዚህ ወተት ሁለት ነበር የሠራነው» አለ ወንድሟ። «ሌላው የት ገባ?»

ሌላውን የወሰደችው እሷ ናት። እሁድ ዕለት በገዛ እጇ ጠቅልላ ለልጇ ሰጠቻት። ልጇ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁለት ጊዜ አስወርዷት፣ ይሄኛው ስምንት ወር ደርሶላት ነው። የተበላሸ አይብ ደግሞ ጽንስ ሊያሳጣ ይችላል።

ስልክ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች።

«አይሸተኝም» አለች ለወንድሟ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ። «ሃያ ቀኔ ነው። ለልጅቷ ሰጥቻታለሁ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። መንገዱን ሙሉ ደጋግማ ደወለች፤ ማንም አላነሳም።

በሩን የከፈተችው ራሷ ልጅቷ ነበረች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«እማዬ! በሰላም ነው? ተኝቼ ነበር እኮ።»

እናት ልጇን በእግሯ ቆማ ስታያት እፎይ ልትል ምንም አልቀራት። ግን ሰላም ሳትላት አልፋ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። መጠቅለያው ወረቀት ውስጥ ሽራፊ ብቻ ቀርቷል።

«አይቡስ?»

«በላሁት» አለች ልጅቷ፣ ትንሽ አፍራ። «እውነቱን ልንገርሽ? ሸቶኝ ነበር። ልጥለው ሁሉ አንስቼው ነበር። በኋላ፣ እርግዝናው ነው አፍንጫዬን ያበላሸው አልኩ። እማዬ ያሳለፈችውን እኔ ማን ነኝ የምጥለው ብዬ፣ እንደ መድኃኒት በግድ ዋጥኩት። ምነው?»

እናት ግንባሯን ዳሰሰቻት። ይፋጃል።

«ከትናንት ጀምሮ ትንሽ ያተኩሰኛል» አለች ልጅቷ። «ምን ሆነሻል እማዬ?»

«ጫማሽን አድርጊ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ልጄ… ሃያ ቀኔ ነው፣ ምንም አይሸተኝም።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግንባሯን ከእናቷ መዳፍ አሸሸች፤ ሁለት እጇንም ሆዷ ላይ አደረገች።