የአራሷ ምሳ

ሕሊና የምግብ ቤቱን የመስታወት በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ ባሏ አንሙት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ጓደኛው አፍ እየላከ ነበር። እጁ አየር ላይ ቀረ። ጓደኛው ድረስም አፉን እንደከፈተ ዞሮ አያት።

"ሕሊና? ምን ሆናችሁ? ልጅቷን አመማት እንዴ?" አለ አንሙት።

"ደኅና ናት። ተከትባ መምጣቷ ነው።" ሕፃኗን በነጠላ እንደተጠቀለለች ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ በሌላ እጇ ወንበር ሳበች። "እዚህ ሰው አለ?"

መልስ ሳትጠብቅ ተቀመጠች።

ጠዋት አንሙት የነገራት ሌላ ነበር። ለግንባታ ዕቃ መደብሩ የሚመጣ የሲሚንቶ መኪና ስለሚራገፍ ጤና ጣቢያ አብሯት መሄድ እንደማይችል ነግሯት ወጣ። እናቱ እማማ የብርጓልን ደግሞ ጉልበታቸውን አሟቸዋል። ልጅቷ ክርስትና ሳትነሳ አራስ ከቤት መውጣቷ ራሱ አልዋጥላቸው ብሎ ነበር። እስከ በር ሸኝተው፣ "በባጃጅ ሄደሽ በባጃጅ ተመለሽ፤ የትም እንዳትቆሚ" አሏት።

እንዳትቆም አስባ ነበር። ከጤና ጣቢያው ስትመለስ ግን የአንሙትን ሞተር ብስክሌት ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየችው። በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ራሱ አንሙት ከት ብሎ ሲስቅ ታየ። ይህን ቤት መጀመሪያ ያሳየችው እሷ ናት። ሳይጋቡ በፊት፣ ከተጋቡም በኋላ፣ እሑድ እሑድ እዚሁ መስኮቱ ሥር ነበር የሚበሉት። ከወለደች ወዲህ ግን መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከገንፎና ከአጥሚት በቀር የቀመሰችው ነገር የለም። ባለባጃጁን "አቁምልኝ" አለችው።

"መኪናው ሉማሜ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነው" አለ አንሙት ሳትጠይቀው። "እስኪመጣ ምሳ እንብላ ተባብለን…"

"እስኪመጣ ጤና ጣቢያ መድረስ ትችል ነበር።"

አንሙት ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። ይህ ጨርሶ ያላሰበው ነገር መሆኑ ፊቱ ላይ ታየ፤ ሕሊናን ይበልጥ ያናደዳትም አለማሰቡ ነበር። ዋሽቷት ቢሆን ይሻላት ነበር።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ተነሥተው መጡ።

"አንቺ ልጅ፣ አራስ አይደለሽም እንዴ? እንኳን ማርያም ማረችሽ! ግን እንዲህ ሰው መሀል? ዓይን አለ፣ ብርድ አለ። ነይ ጓዳ ላስገባሽ፤ የምትፈልጊውን እዚያ አመጣልሻለሁ።"

"እትዬ አመተ ሥላሴ፣ ጓዳ አስገብተው አብልተውኝ ያውቃሉ?"

"ያኔማ ብቻሽን ነበርሽ።"

"ዛሬ አንድ ደንበኛ ጨምሬልዎት መጣሁ" አለች ሕሊና። "ደረቅ ጥብስ ይዘዙልኝ። ቃሪያው ይብዛ።"

"ቃሪያ?" አለ አንሙት። "እማዬ የልጅቷን ሆድ ይነፋል ብላ የለም እንዴ?"

"ነርሷን ጠይቄያታለሁ። ያሰኘሽን ብይ ብላኛለች።"

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ አንሙትን አዩት፤ እሱ ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ ትእዛዙን ይዘው ወደ ማብሰያ ቤቱ ሄዱ።

ወዲያው ሕፃኗ ነቃች። መጀመሪያ እንደ ድመት ሲጥ አለች፣ ከዚያ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። አጠገባቸው ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሕሊና ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አውርዳ ጡቷን አጎረሰቻት። ጩኸቱ በአንዴ ጸጥ አለ።

"ጉድ እኮ ነው!" አሉ ሽማግሌው፣ እንዲሰማ አድርገው። "አሁን ይሄ የምግብ ቤት ወግ ነው?"

ሕሊና ቀና ብላ አየቻቸው።

"እሷም ምሳዋን እየበላች ነው፣ አባቴ። እርስዎም ይብሉ።"

ከጥግ በኩል አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌው ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጧቸው።

"ሰው እያየን ነው" አለ አንሙት በሹክሹክታ።

"ይየና።"

"ሕሊና፣ ተይ እንጂ…"

"ብቻዬን ነበርኩ፣ አንሙት።" ድምጿን ዝቅ ብታደርግም ድረስ እንዳይሰማ አልተጠነቀቀችም። "መርፌው ሲገባ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ጮኸች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ነርሷ አባቷ የት ነው ስትለኝ፣ ሥራ ላይ ነው አልኳት። ኮርቼ እኮ ነው ያልኳት።"

ድረስ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

"በቃ እኔ ልሂድ…"

"ቁጭ በል፣ ድረስ። ምግብህን መች ጨረስክ?"

ድረስ ቁጭ አለ።

ጥብሱ ሸክላው ላይ እየተንጫጫ መጣ። የቃሪያውና የሽንኩርቱ ሽታ አፏን በምራቅ ሞላው። ሕፃኗ ጠግባ ጡቱን ለቃለች፤ ግን ታቅፎ መብላት አይመችም። ሕሊና ወደ አንሙት ዘረጋቻት።

"ያዛት።"

"እኔ? እዚህ?"

"እዚህ።"

ቤት ውስጥ ሲይዛት አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ እናቱ አጠገቡ ሆነው "አንገቷን! አንገቷን!" እያሉት ነበር። አሁን ግን ተነሥቶ እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣ። እንደሚሰበር ነገር ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረጋት። ሕፃኗ አገሳች፤ ነጭ ወተት ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ድረስ እየሳቀ ሶፍት አቀበለው። አንሙት ግን አልጠረገውም፤ እንዳትነቃነቅ ፈርቶ እንደቆመ ቀረ።

ሕሊና በላች። ቃሪያው ዓይኗን አስለቀሳት፤ እሷ ግን አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ሌላ ጠቀለለች።

ስልኳ ጠራ። እማማ የብርጓል ናቸው።

"እንዳትነግሪያት!" አለ አንሙት። "ወረፋ በዝቶ ነው በያት። ገና ጤና ጣቢያ ነን በያት። አለበለዚያ ለክርስትናው እስክንደርስ ይሄንኑ ነው የምንሰማው።"

ሕሊና አንድ ጣቷን ጠርጋ ስልኩን አነሣችና ድምፁን ለሁሉም ከፍታ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው።

"ምነው ልጄ፣ ቆየሽ? የት ደረሳችሁ?" አሉ እማማ።

"ምግብ ቤት ነን፣ እማማ። ተከትባ ደኅና ናት። አንሙት ታቅፏታል፣ እኔ ምሳ እየበላሁ ነው።"

ሽማግሌው እንኳ ዞረው ያዳምጣሉ።

"ምግብ ቤት? ከነልጅቱ? ሰው እያያችሁ?"

"አዎ፣ እማማ። ሰው እያየን።"

"በይ ነይና እንነጋገራለን" አሉና ዘጉት።

አንሙት ሕፃኗን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ አጥብቆ በሩን አየ። "ተቆጥታለች። የቀረውን ያስቋጥሩልንና እንሂድ።"

ሕሊና ሸክላውን አየችው፤ ጥብሱ ገና ግማሹ እንኳ አልተበላም። አስተናጋጇን በእጇ ጠራቻት።

"አንድ እንጀራ ጨምሪልኝ፣ እህቴ" አለቻት፤ ወንበሯንም ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች።