ትርሲት የፈተለችው ዝተት

ኑ ልጆቼ፣ ፀሐይ ወዳለበት ጠጋ በሉ፤ የግሼ ብርድ ቆሞ አያስወራም። የትርሲትን ነገር ላውጋችሁ።

ትርሲት ከዓረብ አገር በተመለሰች በሦስተኛው ወር ራቤል ከተማ ካለው የወረዳው ቢሮ ቀረበች። ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍናለች። አሠሪዋ በጋለ ካውያ መዳፏን ተጭናባት ጣቶቿ እንደ ተኮማተሩ ቀርተዋል። ካሳዋን መክፈል የነበረበት የላካት ኤጀንሲ ነው። እሱ ግን ወኪል ሰደደ።

"እጇ ድሮም እንዲህ ነበር፤ በልጅነቷ ምድጃ ላይ ወድቃ ነው" አለ ወኪሉ። "ቢሆንም ስለምናዝንላት ትንሽ እንረዳታለን። እዚህ ላይ ትፈርም።"

"ስሄድ የተመረመርኩበት ወረቀት እናንተ ዘንድ ነው" አለች ትርሲት።

"ጠፍቷል።"

"እንግዲያው ምጽዋትህን ለነዳይ ስጥ። እኔ ተበድዬ ነው የመጣሁ፤ አልፈርምም።"

የቢሮው ጸሐፊ አንገቱን ደፋ። "እኅቴ፣ ጤነኛ ሆነሽ መሄድሽን የሚያስረዳ ነገር ካለሽ ነገ አምጪ።"

ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አደረች። ጠዋት ሽማግሌውን ሸማኔ፣ አያ ይሥሐቅን፣ አስከትላ መጣች። እሳቸውም ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር ዝተት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

"ብርድ ልብስ ልትሸጡልን ነው?" ብሎ ወኪሉ ሳቀ።

"ብትገዛስ ምን ይጎዳሃል? በዚህች ሸሚዝ ግሼን አትከርማትም" አሉት። ወደ ጸሐፊው ዞሩ። "ልጄ፣ ይህን የሸመንኩት እሷ በሄደችበት ሰኔ ነው። ፈትሉ የሷ ነው። አርባ ዓመት ስሸምን የማን እጅ እንደ ፈተለው ስቼ አላውቅም።"

"ፈትል ምስክር ሆኖ ያውቃል?" አለ ወኪሉ።

ያን ጊዜ ትርሲት ነጠላዋን ገለጠች። በግራ እጇ እንዝርት አውጥታ ፊቱ አኖረችለት። "ጣትህን እንደኔ ጨብጥና አሹራት። ከሾረችልህ እፈርማለሁ።"

ጸሐፊው "በል እንጂ" አለው። ወኪሉ እያፈረ ሞከረ። እንዝርቷ አመለጠችውና ተንከባላ ጠረጴዛ ሥር ገባች። በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁበት። አንዷ ወደ ውስጥ ዘለቀች።

"ከመሄዷ በፊት ስትፈትል አይቻታለሁ፤ አረጋሽ ብለህ ጻፈኝ።"

"እኔንም" አለች ሌላዋ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ምስክር ተጻፈ። ጉዳዩ ዓመት ፈጀ፤ ገንዘቡ ሲመጣ ግን እርዳታ ተብሎ አልመጣም፣ ካሳ ተብሎ ነው። ትርሲትም በግራ እጇ ፈርማ ተቀበለች።

እናንተም ልጆቼ፣ ስትሄድ ያያችኋትን ልጅ ስትመለስ አትርሷት። አደራ።